«የአሜባ ነው» ተብሎ የተሰጠ መድኃኒት፦ ከአዳማ አንድ የጉዳይ ጥናት

ሰውየው ገና ሳይቀመጥ ከሸሚዝ ኪሱ ሦስት ባዶ ስትሪፕ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረ። ሲፕሮ፣ አሞክሳሲሊን፣ ዶክሲ። «ሁሉንም ጨርሻለሁ ዶክተር። ማቃጠሉ ግን እንዳለ ነው» አለኝ።

እኔ ጤና መኮንን ነኝ። አዳማ ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ። ይህን የምጽፈው ባልና ሚስቱን አስፈቅጄ ነው። ማንነታቸውን የሚጠቁሙ ነገሮችን ቀይሬያለሁ። ሕመሙና ሕክምናው ግን እንደነበረ ነው።

ሰውየው ሠላሳዎቹን አጋምሷል። ብየዳ ቤት አለው፤ በር፣ መስኮት፣ የግቢ አጥር ይሠራል። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው። ችግሩ ከጀመረው ሁለት ወር ገደማ ሆኖታል። ሽንቱን ሸንቶ ሲጨርስ ይለበልበዋል። ጠዋት ሲነሣ ውሃ የመሰለ ቀጭን ጠብታ ያያል። አንዳንዴም ከሽንት ቧንቧው ውስጥ ያሳክከዋል፤ እጅ የማይደርስበት ቦታ። ትኩሳት የለውም፣ ቁስል የለውም፣ ወገቡንም አላመመውም።

መጀመሪያ ሙቀት ነው ብሎ ተወው። የአዳማ ፀሐይ አለ፣ የብየዳው እሳት አለ፣ ውሃ ደግሞ ብዙም አይጠጣም። አብረውት የሚሠሩት ልጆች «የጋለ ነገር ላይ ሸንተህ ነው» አሉት። ይህ አባባል እኛ ዘንድ የቆየ ነው። የጋለ ድንጋይ ላይ የሸና፣ ጨረቃ ላይ የሸና ጨብጥ ይይዘዋል ይባላል። እኔ እንዲህ ያለውን ወሬ አቃልዬ አላልፈውም። ሰው ለሕመሙ አንድ ምክንያት ካገኘ ወደ ሐኪም የሚሄድበትን ቀን ያራዝማል። እሱም አራዘመ።

ከዚያ ፋርማሲ ሄዶ ሲፕሮ ገዛ። ለውጥ ሲያጣ አሞክሳሲሊን ጨመረ። በሦስተኛው ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደ፤ ሴፍትሪያክሶን ተወጋና ዶክሲሳይክሊን ለ7 ቀን ታዘዘለት። «ትንሽ ቀለል ብሎኝ ነበር፤ ከዚያ ያው ሆነ» አለኝ።

ያ ክሊኒክ አልተሳሳተም። አገራችን ውስጥ አንድ ወንድ ከሽንት ቧንቧው ፈሳሽ እየወጣ ሲመጣ፣ የላብራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ ለጨብጥና ለክላሚዲያ በአንድ ላይ ይታከማል። ምልክትን ተከትሎ ማከም ይባላል። ብዙ ሰው በዚሁ ይድናል። መድኃኒቱን በትክክል ወስዶ ካልዳነ ግን ሦስተኛ ተጠርጣሪ አለ። ይህንን ሦስተኛ ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን። ስሙ ትሪኮሞናስ ነው፤ በዓይን የማትታይ ጥገኛ ተሕዋሲ።

ሁለት የሽንት ብልቃጦች

በመመሪያው መሠረት እዚያው ሜትሮኒዳዞል ሰጥቼ ልሸኘው እችል ነበር። አላደረግኩትም። ሦስት ዓይነት መድኃኒት በግምት የዋጠ ሰው አራተኛውን በእምነት አይውጥም ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ሽንት አዘዝኩ። እዚህ ላይ ስሕተት ሠራሁ።

እንደለመድነው «መሐለኛውን ሽንት ያዝ» ተብሎ ብልቃጥ ተሰጠው። ለኩላሊትና ለፊኛ ኢንፌክሽን ትክክለኛው ይህ ነው። ትሪኮሞናስ ግን የምትገኘው ቧንቧው ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው ሽንት አጥቦ ያወጣታል። እኛ ያንን አስደፋን። ብልቃጡም ወረፋ ስለነበር ጠረጴዛ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። ውጤቱ የመግል ሴሎች መኖራቸውን ብቻ ይናገራል። ሌላ ምንም የለም።

ይቺ ጥገኛ በማይክሮስኮፕ የምትታወቀው በእንቅስቃሴዋ ነው። ሽንቱ ሲቀዘቅዝ መንቀሳቀሷን ታቆማለች። ካቆመች ደግሞ ከነጭ የደም ሴል ለመለየት ታስቸግራለች፤ መጠናቸው ይቀራረባል። ወንድ ላይ ደግሞ ቁጥራቸው ትንሽ ነው። ስለዚህ ወንድ ላይ «አልታየም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። የዘረመል ቅንጣቷን የሚፈልገው ሞለኪውላር ምርመራ ከዚህ በጣም ይሻላል፤ እኛ ክሊኒክ ግን የለም። ያለን ማይክሮስኮፕና ፍጥነት ነው።

«ነገ ጠዋት ሳትሸና ና» አልኩት። «ቤትም ሳትሸና፣ መንገድም ሳትሸና። መጀመሪያ የሚወጣውን ነው የምፈልገው።»

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ባጃጁ ውስጥ እንዴት እንደቻለ እሱ ነው የሚያውቀው። የላብራቶሪ ባለሙያዋ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ብልቃጡን ከእጁ ተቀብላ ወዲያው ሴንትሪፉጅ፣ ሽንቱን አሽከርክሮ የሚያዘቅጠው ማሽን ውስጥ አስገባች። ከሥሩ የዘቀጠውን አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ አድርጋ አየች። አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም። «ና እይ» ብላ ጠራችኝ።

በማይክሮስኮፑ የሚታየው ሜዳ ጸጥ ያለ ነበር። ክብ ክብ የመግል ሴሎች ተኝተዋል። ከመሐላቸው አንዷ፣ ጫፏ ሾጠጥ ያለች፣ ትወራጫለች። ቀጥ ብላ አትዋኝም። ትንዘፈዘፋለች፣ ትገለበጣለች፣ አጠገቧ ያለውን ሴል ገፋ ታደርጋለች። ሰውየውን ጠርቼ አሳየሁት። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ቆየ። ብየዳ ሲያይ እንደሚያደርገው መሰለኝ።

«ይቺ ናት?» አለ።

«ይቺ ናት።»

ምንድን ናት?

ትሪኮሞናስን መጀመሪያ ያያትና የገለጻት ፈረንሳዊው ሐኪም አልፍሬድ ዶኔ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1836፣ ፓሪስ። ባክቴሪያ አይደለችም፣ ቫይረስም አይደለችም። አንድ ሴል ብቻ ያላት ጥገኛ ተሕዋሲ ናት። ከፊቷ እንደ አለንጋ የሚወናጨፉ 4 ክሮች አሏት። ሴት ላይ ብልት ውስጥ፣ ወንድ ላይ በሽንት ቧንቧ ውስጥ ትኖራለች፤ ፕሮስቴት ድረስም ትዘልቃለች።

እምብዛም ስሟ አይነሣም እንጂ ብርቅ አይደለችም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ 156 ሚሊዮን አዲስ ኢንፌክሽን ነበር። ይህ ከጨብጥም ከክላሚዲያም ይበልጣል። የማትታወቀው ዝምተኛ ስለሆነች ነው። ከተያዙት ወንዶች አብዛኛው ምንም አይሰማውም። አንዳንዱ ላይ በራሷ ትጠፋለች። አንዳንዱ ደግሞ ሳያውቅ ለወራት ይዟት ይዞራል። የኔ ታካሚ ምልክት ከሚታይባቸው ጥቂቶች አንዱ ነበር።

እነዚያ መድኃኒቶች ለምን አልሠሩም? ሲፕሮም ሆነ አሞክሳሲሊን፣ መርፌውም ሆነ ዶክሲው ባክቴሪያን ለማጥቃት የተሠሩ ናቸው። ይቺ ባክቴሪያ አይደለችም። ሜትሮኒዳዞል ግን ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ ተሕዋስያን ውስጥ ገብቶ እዚያው ይነቃል። ከዚያ ዲኤንኤያቸውን ይሰባብራል። አሜባንና ጃርዲያን የሚገድለው በዚሁ መንገድ ነው።

ችግራችንም ከዚሁ ተነሣ።

ስምንቱ ፍሬ

ለወንድ የሚሰጠው መጠን 2 ግራም ሜትሮኒዳዞል ነው፤ በአንዴ የሚዋጥ። ባለ 250 ሚሊግራም ከሆነ 8 ፍሬ ማለት ነው። ቲኒዳዞልም 2 ግራም በአንዴ ይሠራል። በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል። ስለዚህ «ቁርስ በልተህ ተመለስ» አልኩት። ፉል በልቶ መጣ። ስምንቱን ፍሬ መዳፉ ላይ ሳስቀምጥለት ስትሪፑን ገልብጦ አነበበ።

«ዶክተር፣ ይሄኮ የአሜባ መድኃኒት ነው!»

እውነቱን ነው። ሜትሮኒዳዞልን የማያውቅ ቤት አዳማ ውስጥ አለ ብዬ አላምንም። ሆድ በቆረጠ ቁጥር የሚገዛው እሱ ነው። መድኃኒቱ አንድ ሆኖ ሕመሙ ሌላ እንደሆነ አስረዳሁት። አሜባና ጃርዲያ በምግብና በውሃ የሚተላለፉት ከሰውነት ውጭ የሚያቆያቸው ጠንካራ ቅርፊት ስላላቸው ነው። ትሪኮሞናስ ያ ቅርፊት የላትም። ከሰውነት ውጭ ብዙ አትቆይም። የምትተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው።

ሰማኝ። ሁለት ሁለት እያደረገ ፊቴ ዋጣቸው። መድኃኒቱን በወሰደበት ቀንና በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት አልኮል እንዳይነካ ነገርኩት። ሽንቱ ጠቆር ቢል እንዳይደነግጥ ነገርኩት። የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራም ተደረገለት፤ ሁለቱም ነጻ ነው። ይህን የማደርገው ለወግ አይደለም። ትሪኮሞናስ የምታስቆጣው አካል ለኤችአይቪ በሩን ገርበብ ያደርግለታል።

በመጨረሻ «ባለቤትህም የግድ መታከም አለባት። እስከዚያ ግንኙነት አይኑር። ይዘሃት ና» አልኩት።

«እሺ» አለ።

እኔም ካርዱ ላይ «የትዳር አጋር እንድትመጣ ተነግሮታል» ብዬ ጻፍኩ። በኛ አገር «እሺ» ስንት ትርጉም እንዳለው እያወቅኩ እንደ ቀጠሮ ቆጠርኩት። እንዴት ብሎ እንደሚነግራት አልጠየቅኩትም። ምን እንደሚያስፈራው አልጠየቅኩትም። ዛሬም የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ተመልሶ መጣ

በ24ኛው ቀን መጣ። ከመድኃኒቱ በኋላ በአራት ቀን ውስጥ ማቃጠሉ ጠፍቶ ነበር። አሁን እንደገና ጀምሮታል። ፊቱ ላይ ንዴት ነበር፤ «መድኃኒቱ አልሠራም» አለ።

እዚህ ላይ ሐኪሙ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ። ያላከምነው ሰው ጋር ተመልሶ ግንኙነት ነበረው ወይስ አልነበረውም? ካልነበረው መድኃኒቱ አንሶታል ማለት ነው፤ ያኔ 500 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ለ7 ቀን እንሰጣለን። ከነበረው ግን መድኃኒቱ ሠርቷል፣ በሽታው ነው የተመለሰው። ያኔ ያው 2 ግራም ይደገማል፤ በዚህኛው ዙር ግን ሁለቱም ሰዎች መታከም አለባቸው።

«ባለቤትህ መድኃኒት ወሰደች?»

«ሰጥቻታለሁ።»

«ምን ብለህ ሰጠሃት?»

ዝም አለ። ጣቶቹ ላይ የብየዳ ጠባሳ ነበር፤ እሱን ይፍቅ ጀመር።

«የአሜባ ነው ብዬ።»

ያን ቀን ከኔ ወጥቶ ፋርማሲ ገብቷል። ሜትሮኒዳዞል ገዝቶ ቤት ሄዷል። «ውሃው ጥሩ አይደለም ተብሏል፣ ሁላችንም ብንወስድ ይሻላል» ብሏታል። እሷም ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ለሁለት ቀን ዋጠች። አፏን ሲመርራት ተወችው። ሆዷን ምንም ያላመማት ሰው ለምን ትውሰድ? እሱም ወሰደች ብሎ አመነ። በአምስተኛው ቀን አብረው አደሩ።

አልተቆጣሁትም። «ብነግራት ቤቴ ይፈርሳል» አለኝ። ይህን ፍርሃት መጀመሪያውኑ ከኔ ጋር ሊያወራው ይገባ ነበር። ምን ብሎ እንደሚጀምር አብረን ተለማመድነው። ረጅም ንግግር አይደለም። «ኢንፌክሽን ተገኘብኝ። አንቺም ሊኖርሽ ይችላል። መድኃኒት አለው። አብረን እንሂድ።» አራት ዐረፍተ ነገር። ሦስቴ አስደገምኩት።

እሷ

በሦስተኛው ቀን አብረው መጡ። ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ ስባለች። ከሱ ወንበር ራቅ ብላ ተቀመጠች። መጀመሪያ ያለችው ቃል እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

«እኔን እኮ ሆዴን አላመመኝም ነበር።»

እሱን ወደ ውጭ ላክሁና ብቻዋን አነጋገርኳት። ፈሳሽ ካያት ወደ ስምንት ወር ሊሆን ነው። ቢጫ መሳይ፣ ጠረኑ የተለወጠ። ከሦስት ወሩ መርፌ ይሆናል ብላ ነበር። ከፋርማሲ የፈንገስ መድኃኒት፣ በብልት የሚገባውን፣ ሁለት ጊዜ ገዝታለች። ማሳከኩ ላይ ላዩን ቀለል ይልና ይመለሳል። ለባሏ አልነገረችውም። «ምን ብዬ?» አለች።

አንድ አልጋ ላይ የሚተኙ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ዓይነት ሕመም ይዘው፣ ለየብቻቸው ሁለት ፋርማሲ ሲመላለሱ ነበር። ይህን ስሰማ ልቤ ተነካ።

ናሙናዋ ላይ ብዙ ታየ፤ ሴት ላይ ማግኘቱ ይቀላል። ውጤቱን ስነግራት የጠበቅኩትን ጥያቄ ጠየቀች። «ማነው ያመጣው?»

አላውቅም አልኳት። ማይክሮስኮፑ ዛሬ መኖሯን ይነግረኛል። መቼ እንደገባች አይነግረኝም። ሴትም ወንድም ምንም ሳይሰማቸው ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊይዟት ይችላሉ። መጀመሪያ ያመመው መጀመሪያ የተያዘው ነው ማለትም አይደለም።

ጥቂት አሰበች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኛ ግቢ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ከዚያ ይሆን እንዴ?» አለች።

እውነቱን ልናገር፤ «አዎ» ማለት አማረኝ። አንዲት ቃል ነበረች። እሷ ትረጋጋለች፣ እሱ ይድናል፣ እኔም ወደ ቀጣዩ ታካሚ እሄዳለሁ። ግን ይህ ሕክምና አንድ ጊዜ በውሸት ተበላሽቷል። ደግሞም ሽንት ቤት ነው ካልኳት ነገ ከግንኙነት ይልቅ ሽንት ቤቱን ነው የምትጠነቀቀው። «እህቴ፣ በሽንት ቤት አይደለም። የምትተላለፈው በግንኙነት ነው። ከማን፣ መቼ የሚለውን ግን የሚመልስ ላብራቶሪ የለም» አልኳት። ሁለቱም ለየብቻ የነገሩኝን እዚህ አልጽፈውም። ለአንዳቸውም አሳልፌ አልነገርኩም።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ነጠላዋን አስተካከለችና «መድኃኒቱ ስንት ቀን ነው?» አለች።

ለሴት 500 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ፣ ለ7 ቀን። በባለ 250 ፍሬ 28 ይሆናል። የባሏን ስምንት ስትሰማ ተናደደች። «እሱ በአንድ ቀን ሊገላገል፣ እኔ ሳምንት?» ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ድሮ ለሴትም ያው የአንድ ጊዜው 2 ግራም ነበር የሚሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሁለቱን አወዳደረ። በአንድ ጊዜው ከታከሙት ሴቶች 19 በመቶው፣ የ7 ቀኑን ከወሰዱት ግን 11 በመቶው ብቻ ድጋሚ ሲመረመሩ ተገኘባቸው። ወንድ ላይ ግን የአንድ ጊዜው አሁንም የሚመከረው ሕክምና ነው። ይህን ስነግራት «እንግዲህ ለኔ ጠንከር ያለው ይሁን» አለች።

እሱን ጠራሁት። ሁለት ብርጭቆ ውሃ መጣ። እሱ ስምንቱን፣ እሷ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፍሬ፣ በአንድ ሰዓት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ዋጡ። እሷ ጨርሳ፣ የሁለቱም ምልክት እስኪጠፋ ግንኙነት እንደማይኖር ተስማሙ። የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራዋ ነጻ ወጣ። በሦስት ወር ሁለቱም እንዲደግሙ ቀጠርኳቸው።

በአራተኛው ቀን ሲስተር ደወለችላት። «አፌ ሳንቲም ሳንቲም ይላል፣ እየዋጥኩ ነው ግን» አለቻት። ከምግብ ጋር እንድትወስድ መከረቻት። ሰባቱን ቀን ጨረሰች።

ከዚያ ወዲህ እኛ ክሊኒክ አንድ ነገር ቀይረናል። ለወንዱ ታካሚ «ይዘሃት ና» ብለን አንሸኘውም። «ምን ብለህ ትነግራታለህ?» ብለን እንጠይቀዋለን። መልስ ከሌለው እዚያው አብረን እንፈልጋለን። አሥር ደቂቃ ይወስዳል። ውጭ ያለው ወረፋ ቢያጉረመርምም አሥሩን ደቂቃ እንሰጠዋለን።

በሦስት ወር መጡ። ሴት ከታከመች በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ድጋሚ እንድትመረመር የሚመከረው እንደገና መያዝ የተለመደ ስለሆነ ነው። የሷ ናሙና ላይ ምንም አልታየም። የሱ የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ላይ የመግል ሴል እንኳ የለም። ኤችአይቪውም ቂጥኙም የሁለቱም ነጻ ነው።

ነጠላዋን በዚያ ቀን ትከሻዋ ላይ ነበር የጣለችው። ካርዷን ስትመልስ ወደ እሱ ሳታይ፣ «ያኔ በትክክል ቢነግረኝ ያኔውኑ እጨርሰው ነበር» አለች። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ምንም አላለም። መጥቶ ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አነሣላት፣ አብረው ወጡ።